ሰሊጡ ደረጃ ወጣለት፤ አጫጁ ግን አልተመዘገበም

በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የገበሬው ማሳ ጠባብ ነው፤ መሬቱም ለዘመናት የታረሰ ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ጉልበት ያለው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ከወራጆቹ መካከል ገና ልጆች የሆኑም አሉ።

ለምን ልጅ ይፈለጋል? ምክንያቱ ያለው ሰሊጡ ላይ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬ መያዣው ይከፈታል፤ ቶሎ ካልታጨደም ይረግፋል። ባለሀብቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰው ሲፈልግ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይንራል፤ ደላላውም የሚጭነውን ሰው ዕድሜ አይጠይቅም።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። 18 ያልሞላውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይደነግጋል። ዳሩ ግን ዕድሜ በምን ይረጋገጣል? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዛሬ 13 ወይም 14 ዓመት የሚባለው ልጅ የተወለደው ከዚያ በፊት ነው። ፋይዳ መታወቂያ አሻራን ከስም ጋር ያስራል፤ የተሳሳተ የልደት ዘመን ከተነገረው ግን ስህተቱንም አብሮ ያጸናል።

የምርት ገበያው መጋዘን ሰሊጡን የሚቀበለው በደረጃና በመጣበት አካባቢ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ምክንያት ለቡና እየተዘጋጀ ያለው የማሳ ካርታ ቢስፋፋ እንኳ ዛፍ መቆረጡን እንጂ ማን እንዳረመ አያሳይም። ኅብረቱ ደግሞ ከታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ጀምሮ በግዳጅ ሥራ፣ የልጆችንም ጨምሮ፣ የተመረተ ዕቃ ከገበያው ያግዳል። (ከቤተሰቡ በግ ኋላ የሚውለውን የጋይንት እረኛ ግን ይህ ሁሉ አይነካውም።)

በእኔ ግምት መዝገቡ መጀመር ያለበት ማሳው ላይ ሳይሆን ሰው በሚጫንበት መናኸሪያ ነው። የሠራተኛው ፎቶና የመታወቂያ ቁጥር በደላላው ስልክ ይመዝገብ፤ ደሞዙም በቴሌብር በራሱ ስም ይከፈል። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ምዝገባው ያለ ኔትዎርክም መሥራት አለበት። ወጪው ከባድ አይመስልም። አስቸጋሪው ደላላው ነው፤ ኮሚሽኑ በጫነው ሰው ብዛት ከሆነ ልጅ መመለስ ለእሱ ኪሳራ ነው። ባለሀብቱ የሚከፍለው ለተመዘገበ ስም ብቻ ከሆነ ግን ሂሳቡ ይለወጣል።