«ዲስትረስት»ን ስንጠቀም



«ዲስትረስት» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል እምነት ማጣትን ትገልጻለች። ትርጉሟስ አይከብድም፤ ችግሩ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስትገባ ነው።

የሚያሳስተን የገዛ አማርኛችን ነው። «በሰውየው ላይ እምነት የለኝም» እንል የለ? ይህችን «ላይ» ይዘን ስንሻገር «አይ ዲስትረስት ኦን ሂም» ብለን እናርፋለን። ስሕተት ነው! ቃሉ ግስ ሲሆን መስተዋድድ አይፈልግም፤ ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌር ፍሬኑን ካላመነው «ዘ ድራይቨር ዲስትረስትስ ሂዝ ብሬክስ» እንላለን፤ አለቀ። (እንዲህ ያለው ሾፌርስ ባይወርድ ይሻለው ነበር።)

ስም ሲሆን ግን «ኦቭ» ይከተለዋል፤ ከ«ኦቭ» በኋላ የሚመጣውም ያልታመነው ወገን ነው። ለምሳሌ የውጫሌን ውል እንውሰድ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መገልገል «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ነገሩን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ይህን ሲረዱ ያደረባቸው ስሜት «ሜኒሊክስ ዲስትረስት ኦቭ ኢታሊ» ይባላል። «ኢታሊስ ዲስትረስት ኦቭ ሜኒሊክ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን አታላዩን ተታላይ አደረገው እኮ!

«አለመተማመን» ብለን ስንተረጉመውም እንጠንቀቅ። አለመተማመን የሁለት ወገን ነው፤ ዲስትረስት የአንድ ወገን ብቻም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ካልተማመኑ «ዲስትረስት ቢትዊን» ብሎ ሁለቱን ስም መጥራት ነው።

«ሚስትረስት» የምትባል እኅት ቃልም አለች። አንዳንዶች ዲስትረስት በታየ ነገር ላይ የቆመ፣ ሚስትረስት ደግሞ እንዲያው ልብን ቅር የሚለው ነው ይላሉ፤ ብዙ ጸሐፊዎች ግን ሳይለዩ ይጽፏቸዋል። እኔ በዚህ ተማሪ ማስጨነቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ «ሰስፔክት» እና «ዳውት»። ጠመኔ ጠፋ እንበል። «አይ ሰስፔክት ዛት ሂ ቱክ ኢት» ማለት ወስዷል ብዬ እጠረጥራለሁ ነው። «አይ ዳውት ዛት ሂ ቱክ ኢት» ደግሞ መውሰዱን እጠራጠራለሁ፣ ማለትም የወሰደ አይመስለኝም ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ አያሳስትም፤ መጠርጠርና መጠራጠር ብሎ ለይቶ አስቀምጦልናል። በአንደኛው ልጁ ሌባ ነው የተባለው፤ በሁለተኛው ጠበቃ ነው የቆምንለት።