ኳሷ ገባች ወይስ ወጣች? በክሮክ ፓርክ የጭልፊቱ ዓይን እንዴት ይሠራል?

ቡና እየፈላ ከሆነ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ቤታችሁ አለ። ከረከቦቱ ሁለት ሲኒ አንሡና ጠረጴዛው ላይ አንድ ስንዝር አራርቃችሁ አስቀምጡ። የሸሚዝ ቁልፍ በክር እሰሩና ከሲኒዎቹ ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ አንድ የቤት ሰው አንጠልጥሎ ይያዝላችሁ። አሁን አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ቁልፉ ልክ በቀኙ ሲኒ ጠርዝ ላይ ሆኖ እስኪታያችሁ ተስተካከሉ። ራሳችሁን ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ዘንበል ስታደርጉ ቁልፉ በሲኒዎቹ መካከል ይገባል። ወደ ቀኝ ዘንበል ስትሉ ይወጣል። የያዘው ሰው እጅ ግን ንቅንቅ አላለም።

በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ክሮክ ፓርክ የሚባል፣ ከ82,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አለ። እዚያ ይህችው የሁለት ጣት ዘንበል ዋንጫ ታስወስዳለች፣ ዋንጫም ታስቀራለች።

በሜዳው የሚካሄዱት የጌሊክ ጨዋታዎች ይባላሉ። ዋነኞቹ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ጌሊክ ፉትቦልና በዱላ የሚጫወቱት ሀርሊንግ ናቸው። ሀርሊንግን ላላየ ሰው የእኛን የገና ጨዋታ ማሰብ ጥሩ መነሻ ነው፤ የአይሪሾቹ ዱላ ግን ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ኳሷም አብዛኛውን ጊዜ የምትውለው በአየር ላይ ነው። ሁለቱንም የሚመራው በ1884 የተመሠረተው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 80 ሺህ ሰው ፊት የሚጫወቱት ልጆች ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ሰኞ ጠዋት ወደየሥራቸው ይመለሳሉ።

ግቡ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎችና በመካከላቸው የተዘረጋ አንድ አግዳሚ ነው። በቋሚዎቹ መካከል 6.5 ሜትር አለ፤ አግዳሚው ከመሬት 2.5 ሜትር ከፍ ይላል። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ነው፣ 3 ነጥብ ያስገኛል። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈች 1 ነጥብ ነው። (ከ2025 ጀምሮ በፉትቦል ከ40 ሜትር ቅስት ውጭ የተመታች ኳስ 2 ነጥብ ታስቆጥራለች።) ውጤቱም በሁለት ቁጥር ይጻፋል፦ 3-22 ማለት ሦስት ጎልና 22 ነጥብ፣ በድምሩ 31 ነው። በእያንዳንዱ ግብ አጠገብ ነጭ ጋዎን የለበሱ ሁለት የግብ ዳኞች ይቆማሉ። ጎል ሲሆን አረንጓዴ፣ ነጥብ ሲሆን ነጭ ባንዲራ ያውለበልባሉ።

እነዚህ ሰዎች የሚጠየቁት ቀላል ነገር አይደለም። የሀርሊንግ ኳስ ስሊተር ትባላለች፤ ከዳር እስከ ዳር 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፣ ክብደቷም ከ110 እስከ 120 ግራም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትበር በሰከንድ 28 ሜትር ትሄዳለች። የዓይን ሽፋሽፍት በሚርገበገብበት ቅጽበት ሦስት ሜትር ገደማ አልፋለች። በቋሚዎቹ መካከል ያለውን ስስ መስመር ለማቋረጥ የሚፈጅባት ጊዜ የሰከንድ አንድ 400ኛ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ኳሷ ከቋሚው ጫፍ በላይ ስታልፍ ነው። እዚያ ላይ ቋሚ የለም፤ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ዳኛው አንገቱን አቅንቶ ቋሚውን በሐሳቡ ወደ ላይ ማስረዘም፣ ኳሷ ከዚያ ከማይታይ ቋሚ በየትኛው ወገን እንዳለፈች መፍረድ አለበት።

ታዲያ የቴሌቪዥኑን ምስል መልሶ ማየት አይበቃም? አይበቃም። ከግቡ ጀርባ የቆመ አንድ ካሜራ አንድ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ሰው ነው፤ ኳሷ በየትኛው አቅጣጫ እንዳለች ይነግራል እንጂ ምን ያህል እንደራቀች አይነግርም። ደግሞም በሰከንድ 50 ምስል የሚያነሣ ካሜራ ከአንዱ ምስል እስከ ሌላው ድረስ ኳሷ ከግማሽ ሜትር በላይ ትጓዝበታለች። ቋሚውን ያለፈችበት ቅጽበት በሁለቱ ምስሎች መካከል ሊጠፋ ይችላል።

ወደ ሲኒዎቹ እንመለስ። አሁን ሌላ ሰው ከጠረጴዛው ጎን ይቀመጥና እሱም ቁልፉን ይይ። እናንተ ካላችሁበት እስከ ቁልፉ በሐሳብ ክር ዘርጉ፤ እሱም ካለበት ይዘርጋ። ሁለቱ ክሮች የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ያለው እዚያ ነው። የአንድ ሰው እይታ ሊሸወድ ይችላል፤ ሁለት ሰው ከሁለት ቦታ ሲያይ ግን ቁልፉ መደበቂያ ያጣል። የቴክኖሎጂው ሁሉ ሥር ይኸው ነው።

ስታዲየሙ ውስጥ የክሩን ሥራ የሚሠሩት ከፍ ብለው የተተከሉ ፈጣን ካሜራዎች ናቸው። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ካሜራ ቦታና አቅጣጫ አስቀድሞ በትክክል ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ቦታቸው የሚታወቅ ነጥቦችን እያየ ይስተካከላል። እናንተ የት እንደተቀመጣችሁ ካልታወቀ የዘረጋችሁት ክር ዋጋ የለውም። ኳሷ ስትመታ እያንዳንዱ ካሜራ በየምስሉ ውስጥ እሷን ፈልጎ ያወጣል፤ ኮምፒውተሩ ክሮቹን አገናኝቶ በዚያች ቅጽበት የነበረችበትን ቦታ ያሰላል። ይህን ደጋግሞ ሲሠራ በአየር ላይ የተበተኑ ነጥቦች ይገኛሉ። የተመታች ኳስ እንደ ዝንብ አትቅበዘበዝም፤ ስበትና አየር የሚገዟት በመሆኑ መንገዷ ለስላሳ ቅስት ነው። ኮምፒውተሩ ነጥቦቹን በቅስት ያያይዝና ቅስቱ በቋሚዎቹ መካከል እስከ ሰማይ የተዘረጋውን ምናባዊ መስኮት የት ላይ እንዳቋረጠው ያያል። ለዳኛው የጠፋው፣ ከጫፍ በላይ የሚቀጥለው ቋሚ፣ ለኮምፒውተሩ አይጠፋም።

አንድ ነገር ላስምርበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በስታዲየሙ ትልቅ ስክሪን ላይ የሚታየው፣ ኳሷ ስትበርና በቋሚዎቹ በኩል ስታልፍ የሚያሳየው ምስል ፎቶግራፍ አይደለም። ከስሌቱ በኋላ የተሣለ ሥዕል ነው። ስሌቱ ትክክል ከሆነ ሥዕሉም ትክክል ነው፤ ስሌቱ ከተሳሳተ ሥዕሉ ያንኑ ስሕተት አሳምሮ ያቀርበዋል።

መሣሪያው ሐውክ-አይ ይባላል፣ የጭልፊት ዓይን ማለት ነው፤ በስሙ ውስጥ የእንግሊዛዊው ፈጣሪ የፖል ሆኪንስ ስምም አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች የታየው በ2001 በክሪኬት የቴሌቪዥን ስርጭት ነው፤ ከዚያ ወደ ቴኒስ ገባ። በክሮክ ፓርክ ሥራ የጀመረው ሰኔ 1 ቀን 2013 ኪልዴርና ኦፋሊ የተባሉ የአውራጃ ቡድኖች በፉትቦል ሲጋጠሙ ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የግብ መስመሩን እንዲጠብቅ ከመግባቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

መልሱ በስክሪኑ የሚወጣው በአይሪሽ ቋንቋ ነው፤ «ታ» ወይም «ኒል» ይላል። አይሪሽ «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ የተለዩ ቃላት የሉትም፤ በግሡ ይመልሳል። «ታ» ወደ እኛ «አለ» ይቀርባል፣ «ኒል» ደግሞ ወደ «የለም»። የአየርላንድ ፓርላማ አባላት ድምፅ የሚሰጡትም በእነዚሁ ሁለት ቃላት ነው።

«ኒል» የምትለው ቃል ከሁሉ በላይ የከበደችው መስከረም 7 ቀን 2014 ነበር። የመላው አየርላንድ የሀርሊንግ ፍጻሜ፣ ኪልኬኒ ከቲፐራሪ። ኪልኬኒ 3-22፣ ቲፐራሪ 1-28፤ ደምሩት፣ ሁለቱም 31 ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ቲፐራሪ ቅጣት ምት አገኘ፤ ከግቡ ያለው ርቀት ከ90 ሜትር በላይ። ጆን ኦድዋየር ስሊተሯን መታት። ኳሷ ያንን ሁሉ ሜዳ አቋርጣ ወደ ቋሚው ጫፍ አካባቢ ወረደች። ከገባች ዋንጫው የቲፐራሪ ነው። ጥያቄው ወደ መሣሪያው ተመራ፤ ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ ቀና ብሎ ስክሪኑን ጠበቀ። ሥዕሉ መጣ፣ ኳሷ በረረች፣ ለጥቂት ወጣች። ኒል። ጨዋታው በአቻ አለቀና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲደገም ኪልኬኒ 2-17 ለ 2-14 አሸነፈ። ያን ቀን መሣሪያው ባይኖር ኖሮ፣ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ አንድ ሰው በግምት የሚሰጠው ፍርድ ለዕድሜ ልክ ባከራከረ ነበር።

መሣሪያው ግን ተሳስቷልም። ነሐሴ 18 ቀን 2013፣ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር፣ ሊሜሪክና ጎልዌይ በታዳጊዎች የሀርሊንግ ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። አንድ የሊሜሪክ ልጅ የመታት ኳስ በሥዕሉ ላይ በቋሚዎቹ መካከል ስታልፍ ታየች፤ ፍርዱ ግን አልገባችም የሚል ሆነ። መደበኛው ሰዓት በአቻ አለቀ፤ ጎልዌይ በተጨማሪ ሰዓት አሸነፈ። በኋላ የወጣው ማብራሪያ መሣሪያው የተዘጋጀው ለሀርሊንግ ሳይሆን ለፉትቦል እንደነበር ገለጸ። የፉትቦሏ ኳስ ከስሊተር ሦስት እጥፍ ትሰፋለች። ካሜራው አልደከመም፣ ስሌቱም አልዛገም፤ ስሕተቱ የአንድ ሰው አንድ ምርጫ ነበር። እነዚያ ታዳጊዎች ያጡትን ነጥብ የመለሰላቸው የለም።

ሐምሌ 9 ቀን 2022 ደግሞ በጎልዌይና በዴሪ የፉትቦል ግማሽ ፍጻሜ፣ የጎልዌዩ ሼን ዋልሽ ከእረፍት በፊት የመታትን ኳስ መሣሪያው «ኒል» አላት። የቴሌቪዥኑ ምስል ግን በመካከል ስታልፍ አሳየ። በእረፍቱ ነጥቡ ተመለሰና ቡድኖቹ 4 ለ 4 እኩል ሆኑ፤ መሣሪያው በሁለተኛው አጋማሽም ሆነ በማግስቱ ጨዋታ ሥራ ላይ አልዋለም። በማግስቱ የተጋጠሙት ኬሪና ደብሊን ናቸው። በመጨረሻዋ ደቂቃ እኩል ሳሉ የኬሪው ሾን ኦሼ ከ50 ሜትር በላይ ርቆ ቅጣት ምት መታ፤ ኳሷ አለፈች፣ ነጩ ባንዲራ ተውለበለበ፣ ኬሪ 1-14 ለ 1-13 አሸነፈ። የዓመቱ ትልቁ ምት ያለ መሣሪያ በሰው ዓይን ተዳኘ፤ ዓይኑም አላሳፈረም።

መሣሪያው የሚጠየቀው ነጥብን እንጂ ጎልን አለመሆኑም ምክንያት አለው ብዬ አምናለሁ። ከአግዳሚው በላይ ያለው ሰማይ ባዶ ነው፤ ኳሷን የሚጋርድ ሰው የለም። ግብ አፍ ላይ ግን ሰው ይተረማመሳል። ፕሪሚየር ሊግ የምትከታተሉ ሰኔ 17 ቀን 2020 የነበረውን የአስቶን ቪላና የሼፊልድ ዩናይትድ ጨዋታ ታስታውሳላችሁ። በረኛው ኳሷን እንደያዘ መስመሩን አለፈ፤ ካሜራዎቹ ሁሉ በሰው ተጋርደው ስለነበር ጎል መሆኑን የሚነግረው የዳኛው የእጅ ሰዓት ምልክት አልሰጠም። ክሩ በሰው ገላ ሲቆረጥ ስሌት የለም።

አንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ ከነጭራሹ የእሱ አይደለም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 በሌንስተር ክፍለ ሀገር የፉትቦል ፍጻሜ ላውዝ በአንድ ነጥብ እየመራ ሳለ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ አንድ የሚዝ ተጫዋች ኳሷን በእጁ እንደያዘ መስመሩን አሻገራት። ሕጉ አይፈቅድም፤ ጎሉ ግን ጸደቀ፣ ሚዝ 1-12 ለ 1-10 አሸነፈ። የጭልፊቱ ዓይን ያን ቀን ቢኖርም የሚናገረው ኳሷ አልፋለች ብቻ ነበር፤ እንዴት አለፈች የሚለውን አያውቅም። ላውዝ 15 ዓመት ጠብቆ በ2025 ያንኑ ሚዝን በዚያው ሜዳ ረታና ከ1957 ወዲህ የመጀመሪያውን የሌንስተር ዋንጫ አነሣ።

ሌላው ቀዳዳ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሐምሌ 6 ቀን 2025፣ ክሮክ ፓርክ፣ የሀርሊንግ ግማሽ ፍጻሜ፣ እንደገና ቲፐራሪና ኪልኬኒ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቲፐራሪ የመታት አንድ ኳስ ወጥታ ሳለ 1 ነጥብ ሰሌዳው ላይ ተጨምሮ ቀረ። ተጫዋቹም ተመልካቹም የሦስት ነጥብ ልዩነት አየ፤ እውነተኛው ልዩነት ግን ሁለት ነበር። በሦስት የተመራ ቡድን አንድ ጎል ፍለጋ ይሄዳል፤ በሁለት የተመራ ግን አንድ አንድ ነጥብ መልቀም ይችላል። ማስተካከያው የመጣው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው፤ ይፋዊው ውጤት 4-20 ለ 0-30 ሆነ። ቲፐራሪ በፍጻሜውም ኮርክን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ኳሷ የት እንዳለፈች እስከ ሴንቲ ሜትር የሚለካ ስታዲየም፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ከዳኛው ማስታወሻ ጋር የሚያመሳክር አንድ ሰው ሊኖረው ይገባል። ለዚህ ደግሞ ካሜራ አያስፈልግም።