ሆድ ከመግፋቱ በፊት

የምሠራው ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። የታይሮይድ መድኃኒት ሊወስዱ ከሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ገና የሚወልዱ። ስለዚህ ክኒኑን ከማቀበሌ በፊት «እህቴ፣ ልጅ አስበሻል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዷ ታፍራለች፣ አንዳንዷ ትስቃለች። እኔ ግን ጥያቄውን አልተውም፤ ምክንያቱም ዋነኞቹ ሳምንታት የሚያልፉት ሴትየዋ ማርገዟን ሳታውቅ፣ ወይም አውቃ ክትትል ሳትጀምር ነው።

ታይሮይድ አንገት ላይ ከማንቁርት በታች ያለች ዕጢ ናት። ፅንሱ የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን በበቂ ሁኔታ ማምረት የሚችለው እርግዝናው ወደ አጋማሹ ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው።

ዕጢዋ ከልክ በላይ የምትሠራባት ሴት ልቧ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እየበላች ትከሳለች። ለዚህ ከሚታዘዙት መካከል ሜቲማዞልና ካርቢማዞል ይገኛሉ። ፍቱን ናቸው፤ ነገር ግን በእርግዝና መጀመሪያ፣ ይልቁንም ከ6ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ሲወሰዱ ከ100 ሕፃናት ከ2 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ የአፈጣጠር ጉድለት ሊያስከትሉ ይችላሉ፦ የራስ ቆዳ በከፊል ሳይፈጠር መቅረት፣ የአፍንጫ የኋላ ቀዳዳ ወይም የምግብ ቧንቧ መዘጋት፣ አንጀት በእምብርት በኩል መውጣት። በነዚያ የመጀመሪያ ወራት ሐኪሞች ፒቲዩ የሚባለውን ሌላ መድኃኒት የሚመርጡት ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ከጉዳት ነፃ አይደለም፤ የሚያስከትለው ጉድለት ግን ቀለል ያለ ነው። አልፎ አልፎ የእናቲቱን ጉበት ክፉኛ ስለሚጎዳ፣ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባት።

ይህን ሰምታ ክኒኗን በገዛ ራሷ የምታቋርጥ ሴት በጣም ታሳስበኛለች። ያልታከመው በሽታ ራሱ ውርጃን፣ ያለጊዜ መውለድን፣ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊትንና የልብ ድካምን ይጋብዛል። ማቋረጡም መቀየሩም ከሐኪሟ ጋር ተመክሮበት፣ ቢቻል ከማርገዟ በፊት ይሁን። በጨረር አዮዲን የታከመች ደግሞ ሳታረግዝ ቢያንስ 6 ወር ትቆይ።

ዕጢዋ የደከመችባት ሴት ነገር ሌላ ነው። ድካሙ፣ ብርዱ፣ የሆድ ድርቀቱ «እርግዝና ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል። መድኃኒቷ ሌቮታይሮክሲን ፅንሱን አይጎዳም፤ እንዲያውም ስታረግዝ መጠኑ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል መጨመር ሊኖርበት ይችላል። ፈተናው አወሳሰዱ ላይ ነው። በክትትል የሚሰጣትን የአይረን ክኒን አብራው ከዋጠች፣ መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ያስፈልጋል። ቡናም እንዲሁ ያደናቅፈዋል። አንዷ ደንበኛዬ «ዶክተር፣ ያለ ቡና ጠዋት ይነጋል እንዴ?» አለችኝ። ክኒኑን ገና ስትነቃ በባዶ ሆድ በውኃ እንድትውጠው፣ ቡናውን ከአንድ ሰዓት በኋላ እንድታፈላው ነገርኳት። ተስማማን።

ዕጢዋ ሆርሞኗን የምትሠራበትን አዮዲን ከደጋችን አፈር ጎርፍ አጥቦታል፤ እንቅርቱም የመጣው በአብዛኛው ከዚያ ነው። የአዮዲን እጥረት በእርግዝና ሲከፋ፣ የሚወለደው ልጅ መስማት እንዳይችልና አእምሮው እንዳያድግ ሊያደርግ ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የወጣው ደንብ ጨው አዮዲን እንዲገባበት አስገድዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ይመክራል። ጨው መብዛት የለበትም፤ አዮዲን ያለው ይሁን፣ ይከደን፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

«ዕጢዬ በኦፕራሲዮን ወጥቷል፣ እኔ ድኛለሁ» የሚሉኝም አሉ። ግሬቭስ በሚባለው በሽታ ግን ዕጢዋን ያስቆጣ የነበረው ፀረ እንግዳ አካል ዕጢዋ ከወጣችም በኋላ በደም ውስጥ ሊቆይ፣ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን ዕጢ ሊያስቆጣ ይችላል። ስለዚህ ድሮ የታከመችም ብትሆን ገና በመጀመሪያው ክትትል ለአዋላጇ ትንገራት፤ ደሟ ይመርመር፣ የፅንሱ የልብ ምት ይታይ፣ ሕፃኑም እንደተወለደ ይመርመር።