ፔዳሉ ምን ይላል? የአሮጌ መኪና ፍሬን በደጋ አገር

መካነ ኢየሱስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የእስቴ ከተማ ናት። ከእሷ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ፣ ወደ ስማዳ የሚያልፍ ወይም ጋይንትን አቋርጦ ነፋስ መውጫ የሚዘልቅ መኪና ዳገትና ቁልቁለት አያጣም። ዳገቱን ያልቻለ መኪና ቢብስበት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ጭነቱ ይራገፋል፣ ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይወጣል። ቁልቁለቱን ያልቻለ ግን የሚያስቆመው የለም። በዚህ አገር መኪና ሲገዛም ሲከራይም ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ ሊጠየቅ ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄው ወደፊትም የሚቀር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው አይሱዙ፣ ሚኒባስና ላንድክሩዘር ገና ብዙ ክረምት ይሠራል ማለት ነው።

ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይገፋል። ዘይት አይታመቅም፤ ስለዚህ ግፊቱ በቀጭን ቱቦ እስከ እያንዳንዱ ጎማ ይደርስና እዚያ ያሉት ሲሊንደሮች ሸራውን ከታምቡሩ፣ ወይም ፓዱን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃሉ። ቀሪው ሰበቃ ነው። የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም ወደ ነፋሱ ይሄዳል። በአራቱም ጎማ እንዲህ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ይዞ ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው መኪና የአሜሪካው ዱዘንበርግ ነበር፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1921 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። በአየር ግፊት የሚሠራው የከባድ መኪና ፍሬን ሌላ ዓለም ስለሆነ እዚህ አልነካውም።

ፍሬን በጠሰ ሲባል በአንድ አፍታ የሆነ ነገር ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፔዳሉ ቀደም ብሎ ሲናገር ከርሟል። የሚናገረውም አንድ ዓይነት ነገር አይደለም፤ የመድከሙ መንገድ ሲለያይ ሕመሙም ይለያያል። “ፍሬኔ ደከመ” ብቻ ብሎ ጋራዥ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሸራ አስቀይሮ ይወጣል፤ ሕመሙ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡንም ከስሮ፣ አደጋውንም ይዞ ወደ ቁልቁለቱ ይመለሳል።

ፔዳሉ ልፍስፍስ ካለ፣ ማለትም እግር ሲጫነው እየተመለሰ የሚገፋ ከሆነ፣ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል። አየር ይታመቃል፤ የእግሩ ጉልበት አየሩን በመጭመቅ ያልቃል። መድኃኒቱ ከየጎማው አየሩን ማስወጣት ነው፤ ነገር ግን አየሩ በየት እንደገባ ሳይታወቅ ቢወጣ ተመልሶ መግባቱ አይቀርም። ፔዳሉ መጀመሪያ ሩቅ ወርዶ፣ ሁለት ሦስቴ ሲደጋግሙት ከፍ ብሎ ከጠነከረ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ታምቡሩ ይዞራል፦ ሸራው ሳስቶ ወይም ማስተካከያው ደርቆ ከታምቡሩ ርቋል። ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን በመካከለኛ ኃይል ረግጦ ለአንድ ደቂቃ ያህል መያዝ፤ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ግፊቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለ። በጎማዎቹ ውስጠኛ ገጽና በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ርጥበት ከታየ ሌባው ተገኘ። ምንም ርጥበት ከሌለ፣ ዘይቱም በዕቃው ውስጥ ካልጎደለ፣ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ አልቆ ዘይቱ ወደ ኋላ እያመለጠ ነው። ይህ ሕመም ከውጭ ስለማይታይ ብዙ ሰው ይሸውዳል።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር ላክል። የፍሬን ዘይት እንደ ናፍጣ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የፊት ፓድ ሲሳሳ መጠኑ በወራት ውስጥ ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ በየሳምንቱ መጨመር የሚፈልግ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር እየፈሰሰ ነው፤ መጨመሩም ሕመሙን መሸፈን ነው። በችግር ጊዜ የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ መላውን ሥርዓት ያበላሻል።

አሁን ለደጋ ሰው ልዩ ወደ ሆነው ነገር ልምጣ፤ ፔዳሉ ደረቅ ብሎ፣ በሁለት እግር ቢረገጥም መኪናው አልቆም ሲል። በማስተር ሲሊንደሩና በፔዳሉ መካከል ሰርቮ የሚባል ክብ የቆርቆሮ ዕቃ አለ። በአንድ ወገኑ አየሩ ይመጠጣል፤ በሌላው ወገን የሚገባው የውጭ አየር ይገፋና የሾፌሩን እግር ያግዛል። አጋዡ እንግዲህ የአካባቢው አየር ነው። በባሕር ጠለል አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይጫናል፤ በመካነ ኢየሱስ ከፍታ ይህ ጫና በሩብ ገደማ ይቀንሳል፤ 3,000 ሜትር አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ ሲወጣ የበለጠ ይሳሳል። ስለዚህ ሰርቮው ምንም ሳይጎዳ እንኳ እዚህ የሚሰጠው እገዛ ጅቡቲ ላይ ከሚሰጠው ያነሰ ነው። ደካማ ሰርቮ ቆላ ላይ ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ ደጋ ሲወጣ ይጋለጣል።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ መፍቻም አይፈልግም። ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ መርገጥ፣ ከዚያ እግርን ሳያነሱ ሞተሩን ማስነሳት። ሰርቮው ደኅና ከሆነ ሞተሩ ሲነሳ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ይላል። ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ወደ ሰርቮው የሚሄደው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይታይ። በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች አየሩን የሚመጥጠው ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተለጥፎ ነው የሚሠራው፤ ዲናሞ ሲቀየር ትኩረት ካልተሰጠው የፍሬኑ ጉልበት አብሮ ይሄዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ ቁልቁለት መልቀቅም በዚሁ ምክንያት እብደት ነው፤ ሰርቮው የቀረችውን እገዛ በጥቂት መርገጥ ይጨርሳታል፣ ማርሽም መኪናውን አይዝም።

ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ከተሳበበት ጎን በተቃራኒው ነው፤ የሚስበው የሚይዘው ጎማ ነውና። የማይዘው ሲሊንደሩ ዝጎ፣ ወይም ሸራው ከኋላ አክስል በወጣ ዘይት ተነክሮ ይሆናል። በዘይት የራሰ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ይቀየራል። አቧራውን ግን በአፍ ወይም በአየር አትንፉ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳልና በውሃ አርጥቦ መጥረግ ይሻላል።

ጋራዥ ውስጥ ሲነሳ ብዙም የማይሰማ ሌላ የፍሬን ድካም ምክንያት አለ። ብዙ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ከኋላ አክስል በላይ በዘንግ ወይም በሽቦ ጥቅል የተያያዘ ቫልቭ አላቸው። ቫልቩ የመኪናውን ወገብ ዝቅታ እያየ ጭነቱን ይገምታል፤ ወገቡ ከፍ ካለ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ለኋላ ጎማዎች የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። እኛ አገር ደግሞ ጭነት እንዲችል ባሌስትራ ይደረብለታል። ወገቡ ይነሳል፤ ቫልቩም እህል የተጫነበትን መኪና ባዶ ነው ብሎ የኋላ ፍሬኑን ያዳክማል። ሸራ፣ ጎሚኒ፣ ዘይት ሁሉ ተቀይሮ መኪናው አልይዝ ካለ ከሥር ገብቶ ይህን ዘንግ ማየት ይገባል። ባሌስትራ ሲደረብ የዘንጉ ልክ አብሮ መስተካከል ነበረበት።

የመጨረሻው ድካም ሜዳ ላይ አይታይም። 7 ቶን የሚመዝን የተጫነ አይሱዙ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ፣ ሩጫው ሳይጨምር ከደረሰ፣ የሚፈጠረው ሙቀት አንድ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከዚህም ይበልጣል። 7 ቶን ለጋይንት ሰው እንግዳ ክብደት አይደለም፦ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ በዚሁ ምድር አሳልፈው ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ክብደቱ ይኸው ያህል ነበር። ግማሽ ዓመት ገደማ የፈጀው ያ ጉዞ ሽቅብ መጎተት ብቻ አልነበረም፤ ያን ብረት ቁልቁል መያዝም ነበረበት፣ ያዡም የሰው ክንድ ነበር።

ሙቀቱ ሲበዛ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፤ ታምቡሩም ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። ዘይቱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ይፈላል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ የሚችለው፣ 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርድበታል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ቀዝቅዞ ሲታይ ምንም እንከን ስለማይገኝበት ነገሩ ይረሳል። ሁለት ዓመት የሞላው ዘይት ጥቁር ባይሆንም ይለወጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ ፈተናው በባዶ መኪና ሜዳ ላይ ይጀመር፤ በ20፣ ከዚያ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያዘው ጉልበት አራት እጥፍ ነውና በ20 ያለፈ ፍሬን በ40 ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ የተለመደውን ጭነት ጭኖ በአጭር ቁልቁለት፣ ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ማውረድ። ታች ሲደርስ እጅን ሳያስነኩ የአራቱን ቸርኬዎች ሙቀት በመዳፍ ርቀት ማዳመጥ፤ አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ከጋለ አልለቅም ብሏል፣ አንዱ ከቀዘቀዘ ሥራ አልጀመረም። ወደ ረጅሙ ቁልቁለት የሚወጣው ይህ ልዩነት ከጠፋ በኋላ ነው።