የእናቴ ጓዳ በልኳ

በመተማ ዮሐንስ የረመዳን ጓዳ የሚሞቀው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ፉሉ ከረፋዱ ጀምሮ በዝግታ ሲንተከተክ ውሏል፤ የማሽላው እንጀራ ተጋግሮ ወጥቷል፤ ኩመሩ ተዘፍዝፎ ተጨምቋል፤ ከርከዴው ቀዝቅዞ ይጠብቃል። ከሱዳን ጋር ተዋልዶና ተጎራብቶ የኖረ ቤት ከሆነ ደግሞ ሑሉ ሙር አይጠፋም። ከበቀለ ማሽላ በስሱ ተጋግሮ የደረቀ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጾመኛን የሚያረካ መጠጥ ይወጣዋል። ውጭው በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። በቆርቆሮው ሥር፣ ከከሰሉ አጠገብ ያለውን ሙቀት አንባቢ ይገምተው።

እናቴ በዚህ ጓዳ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ጎንበስ ቀና ስትል ነው። ዱቄቱ በጆንያ መሬት ላይ ነው፤ ዘይቱ በጀሪካን በሩ ሥር፣ ሳህኑ በካርቶን አልጋ ሥር፣ ትልቁ ትሪ ከድስቶቹ ሁሉ በታች። አንድ ቀን ከዐስር እስከ መግሪብ ስንት ጊዜ እንደምትጎነበስ ልቆጥር ጀምሬ አርባ ላይ ስደርስ አፍሬ ተውኩት።

ነገሩ ከልቤ የገባው በ2015 ዓ.ም. ረመዳን ነው። በሱዳን ጦርነቱ የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን፣ በሒጅራው አቆጣጠር ረመዳን 24 ቀን 1444 ነበር። የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ላይ ነበርን። ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የሸሹ ሰዎች በገላባት በኩል እየተሻገሩ መተማ ገቡ። ሱዳናውያን ነበሩ፤ በሱዳን ሲኖሩ የቆዩ የእኛው ሰዎች ነበሩ፤ የሌላ አገር ዜጎችም ነበሩ። የኩመርና የአውላላ የስደተኛ ጣቢያዎች የተከፈቱት ኋላ ነው። መተማ እንግዳ መቀበል አዲሷ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተክሩር የሚባሉት፣ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ የመጡ ሙስሊሞች፣ ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ በዚህ አርፈው፣ ብዙዎቹም እዚሁ ቀርተው በራሳቸው ሼህ እየተዳደሩ ይኖሩ ነበር። የዚያ ሁሉ መንገደኛ እራት ከአንድ ሴት ጓዳ የወጣ ነው። በዚያ ረመዳን የእኛ ቤት ትሪ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሲወጣ አየሁ፤ እናቴ ሌሊት ወገቧን በጨርቅ አስራ ስትተኛም አየሁ። በሚቀጥለው ረመዳን ዕቃሽን ከመሬት አነሳልሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከንቱ ነበር፤ እሱንም ልናገር። በስልኬ ላይ ያየሁትን የሚያብረቀርቅ የኩሽና ካቢኔት ከፎቶው ሳልወጣ አንድ ከተማ ውስጥ በኤምዲኤፍ አሠርቼ በአይሱዙ አስመጣሁት። መንገዱ እንደልብ በማይሆንበት ጊዜ ያን ያህል ዕቃ ቆላ ማውረድ ራሱ ሌላ ወጪ ነው። ሲገባ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየው። ክረምቱ ሲመጣ ግርጌው እንደ ዳቦ አበጠ፤ በሮቹ መግጠም አቆሙ፤ ከጀርባው ደግሞ ምስጥ መንገድ ሠራበት። ላይኛው መደርደሪያ እናቴ ጀሪካን ላይ ካልወጣች የማይደረስ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላማረረችም። ያደረገችው የእንግዳ ብርጭቆዎቿን እዚያ ቆልፋ፣ ዱቄቱንና ዘይቱን ወደ ጥንቱ ቦታ መመለስ ነው። ስጦታዬ ሌላ አቧራ የሚጠረግለት ዕቃ ሆነ።

በሠሪው መፍረድ ግን ልክ አይደለም። ኤምዲኤፍ ማለት እንጨት ተፈጭቶ በማጣበቂያ ተጠፍጥፎ የተሠራ ሰሌዳ ነው። በደረቅ ቤት፣ በተወለወለ ወለል ላይ ጥሩ ይኖራል። በጠርዙ በኩል ውኃ ከጠጣ ግን ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። አንዴ የተነቀለ ብሎን በዚያው ቀዳዳ ዳግመኛ አይጠብቅም። የእኛ ወለል ውኃ ይደፋበታል፣ ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ ክረምታችን ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩን ሁሉ እርጥብ ያደርገዋል። ጥፋቱ የልክ ነው፤ ልኩን ያልሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለሁለተኛው ሙከራ ከሠፈራችን አንድ ሽማግሌ አናጢ ጋር አብሬ ሠራሁ። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እንጨቱ አልነበረም፤ እናትህን ጥራት አሉኝ። ጫማዋን አውልቃ፣ ክርኗን አጥፋ እንድትቆም አደረጉና ከወለሉ እስከ ክርኗ ለኩ፤ 96 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ላይ 13 ቀነሱና የመሥሪያ ጠረጴዛው ከፍታ 83 እንዲሆን ወሰኑ። በየፎቶው የምናየው ካቢኔት አብዛኛውን ጊዜ 90 አካባቢ ነው፤ ለእናቴ ትከሻን ሽቅብ የሚያሰቅል ቁመት ማለት ነው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሳትንጠራራ የምትደርስበትን ቦታ በከሰል ምልክት አደረጉ። ከዚያ ምልክት በላይ ምንም እንዳይኖር ተስማማን። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውንም ጭራሽ ተውነው፤ የጭቃ ግድግዳ በሳህን የተሞላ ሣጥን ተሸክሞ አይኖርም።

ቀጥሎ ዕቃው በሙሉ ግቢ ወጥቶ ተለካ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ፈጀን፤ ፈጅተንም አልተጸጸትንም። ትልቁ የኢፍጣር ትሪ በጠፍጣፋው ከተቀመጠ መደርደሪያውን ሁሉ ይበላል፤ ስለዚህ ለትሪዎቹ ብቻ እንደ መጽሐፍ በጠርዛቸው የሚቆሙበት ጠባብ ክፍል ተተወላቸው። የፉሉ ድስት ረዥም አንገት ስላለው የአንዱ መደርደሪያ ከፍታ በእሱ ተወሰነ። ሑሉ ሙሩ እርጥበት ስለማይወድ ከውኃው እንስራ በጣም የራቀው ጥግ ተሰጠው። የሱሁር ዕቃ፣ ማለትም ተምሩ፣ ሻይ ቅጠሉ፣ ስኳሩና የጠዋቱ ሳህን፣ በቀኝ እጅ በኩል በደረት ልክ ሆነ፤ መብራት በሌለበት ሌሊት በዳሰሳ የሚገኝበት ቦታ ነው። እናቴ በአንድ ነገር ብቻ አልተደራደረችም። ቡና ቆማ እንደማታፈላ ቁርጡን ነገረችን። ስለዚህ በርጩማዋ ባለበት በኩል አንድ ዝቅ ያለ መሳቢያ ለጀበናዋ፣ ለሲኒዎቿና ለዝንጅብሏ ተሠራ። ምድጃው ከእንጨቱ አንድ ሜትር ያህል እንዲርቅ ወለሉ ላይ መስመር አሰመርን።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ለመላጊያ የሚገራ፣ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም፣ የልቡ ክፍልም ምስጥን ከባሕር ዛፍ ይልቅ የሚቋቋም እንጨት ነው። ነገር ግን ዋንዛ ይቆረጥልኝ ማለት ቀላል አይደለም፤ መሆንም የለበትም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ነው። አዋጁ በኋላ በሌሎች ቢተካም ዛፉ ግን አልበዛም። እኛ የተጠቀምነው ከአጎቴ የፈረሰ ቤት የተነቀሉ ሁለት በሮችንና ጥቂት ጣውላዎችን ነው። የድሮ በር ለዚህ ሥራ ከአዲስ ጣውላ ይሻላል፤ ሊሸሽ የሚችለው እርጥበት ሁሉ ሸሽቷል፣ ሊጣመም የሚችለውም ተጣሞ አብቅቷል። ከመላጋችሁ በፊት ግን ሚስማሩን አንድ በአንድ ልቀሙ። እኛ አንዱን ዘለልነው፤ የመላጊያው ስለት ዋጋውን ከፈለ። መደርደሪያዎቹን ከወፍራም ኮምፔርሳቶ፣ የውስጥ ድጋፉን ከደረቀ ሞራሌ ሠራን።

እንጨት ከሞተ በኋላም ይተነፍሳል ይላሉ አናጢዎች። በክረምት እርጥበት ጠጥቶ በወርዱ ይሰፋል፤ በበጋ ይኮማተራል፤ በቁመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። ለዚህ ነው አንድ ወጥ ሰፊ ጣውላ በር አድርጎ መግጠም በቆላ አገር የማያዋጣው። የእኛ በሮች ዙሪያቸው ክፈፍ ነው፤ የክፈፉ አንዱ እንጨት ጫፉ ቀጥኖ በሌላው ውስጥ በመሮ በተቦረቦረው ጉድጓድ ገብቶ በኮላ ተይዟል። መሐሉን የሚሞላው ስስ ጣውላ ግን በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ፣ ያለ ሚስማር ተሰክቷል፤ ግራና ቀኝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ተትቶለታል። ሲያብጥ መሄጃ አለው፣ ሲኮማተርም አይሰነጠቅም። ማጠፊያውም ከውጭ የሚታየው ተራው ዓይነት ነው። ድብቁ ማጠፊያ ያምራል፤ ሲሰበር ግን ተኩን ገንዳ ውኃ ወይም ጎንደር ድረስ መፈለግ ሊመጣ ነው።

ምስጡን በተመለከተ ምሥጢሩ መድኃኒት አይደለም፤ ዓይን ነው። የእኛ አገር ምስጥ ከመሬት ተነስቶ በጭቃ ቱቦ ተሸፍኖ ነው የሚጓዘው። ቡፌው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባላቸው የብረት እግሮች ላይ ቆሟል፤ ከግድግዳውም አራት ጣት ያህል ተላቋል። ቱቦው ወደ እንጨቱ ለመድረስ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ማለፍ አለበት፤ ሲያልፍም ይታያል። ብዙ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ለአጥር ቋሚ ይሁን፤ ዱቄትና ተምር ለሚቀመጥበት ሣጥን ግን አይነካካ። ለሰሊጥ መጋዘን የሚረጨው መርዝም እንዲሁ።

የማጠናቀቂያውን ሥራ ጊዜ ያስተማረን የሒጅራው አቆጣጠር ነው። በረጀብ እንጨቱን ለቀምን፤ ሻዕባን ሲገባ ገጣጠምን፤ ሻዕባን ሳይጋመስ ቨርኒሹን ጨረስን። ቨርኒሽ በአንድ ቀን የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ጠንክሮ ሽታው እስኪለቅ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። በጾም ቀን፣ በደረቀ ጉሮሮ የአኳራጅ ሽታ መማግ ደግሞ ራስ ምታትን መጋበዝ ነው። መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ መጨረሻ በለስላሳው ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትለን ፈተግን፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አነሳን። የመጀመሪያው ቅብ በአኳራጅ ቀጠን ያለ ነው፤ እንጨቱ እንዲጠጣው። ከዚያ ሁለት ቅብ፣ በየመሐሉ ቀላል ፍተጋ። በቀትር መቀባት ስህተት ነው፤ ላዩ ቶሎ ቆዳ ይሠራና ከሥሩ ያለው እንፋሎት አረፋ አውጥቶ ይቀራል። ከፈጅር በኋላ ነፋሱ ሳይነሳ ነው ጥሩው ጊዜ። ውስጡን በቨርኒሽ አልነካነውም፤ የተዘጋ ሣጥን ሽታውን ይዞ ዱቄቱ ላይ ያሳርፈዋል። በስፒሪቶ የሚሟሟውን ጎማላካ በስሱ ቀብተን በሮቹን ለሁለት ሳምንት ከፍተን ተውን። ስፒሪቶ መሆኑ የሚያሳስበው ቤተሰብ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

አንድ አደጋ ግን ሊያመልጠን ነበር። በመተማ አዲስ ዕቃ ሲገባ በዕጣን ማጠን ወግ ነው፤ ዕጣኑ የገዛ ቆላችን ዛፍ ነውና። እናቴ ሦስተኛው ቅብ በተቀባ ማግስት ማጨሻዋን ይዛ መጣች። የአኳራጅ ትነት በእሳት ይያያዛል። አናጢው ከበር መለሷት፤ ጥቂት ተኮራረፉ። የታጠነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

በሥራው መሐል፣ ቡና ስንጠጣ፣ አናጢው አንድ ነገር አጫወቱኝ። እናታችን ዓኢሻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ በቤተሰባቸው አገልግሎት ላይ ይሆኑ እንደነበርና የሶላት ጊዜ ሲደርስ እንደሚወጡ መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ነቢዩ ዘከሪያ አናጢ እንደነበሩ በሙስሊም ዘገባ አለ። የመዲናው ሚንበርም የአንዲት አንሷሪ ሴት አናጢ ከጋባ በመጣ እንጨት የሠራው ነው። ሽማግሌው ይህን የነገሩኝ ስለ ሙያቸው ሊኮሩ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ወሬው ወደ እኔ ነበር፤ ገንዘብ ልኬ ከማሠራ ይልቅ መላጊያ መያዜን እያዩ ነው። ክፍያቸውን በዚያው ቀን፣ ላባቸው ሳይደርቅ ሰጠኋቸው፤ ይህም ራሱ የታዘዝነው ነው።

አሁን ረመዳን ገብቷል። ዕቃው ከመሬት ተነስቷል። እናቴ አሁንም ጨዉን በልማድ ወለል ላይ ታስቀምጣለች፤ ማንም አልተናገራትም። ከቡፌው ሥር የምስጥ ቱቦ መኖር አለመኖሩን የማየቱ ሥራ ግን ጎንበስ ማለት ስለሚጠይቅ ለስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ተሰጥቷል። በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ ባትሪ ይዛ በሆዷ ትተኛና እግሮቹን አንድ በአንድ ታያለች። ደመወዟ ሦስት ተምር ነው፤ ጾመኛ ስላልሆነች እዚያው ትበላዋለች።