«ካረጁ አይበጁ» ለክራር አይሠራም

ዕድሜያቸው አርባን የተሻገረ እናት ዘንድ ሄደው «ክራር መማር ይፈልጋሉ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ በቅድሚያ የሚያገኙት መልስ ሳቅ ነው። ቀጥሎ «ካረጁ አይበጁ» የምትለዋ ተረት ትመጣለች። በመጨረሻም ድምፅ ዝቅ ብሎ «እሱ እንኳ ድሮ ቢሆን ኖሮ…» ይባላል። በዚህች «ድሮ ቢሆን ኖሮ» ውስጥ ያለው ምኞት ነው እንጂ እምቢታ አይደለም። ምኞቱ ካለ ጊዜው አላለፈም። እንዲያውም እናቶች ከልጆቻቸው ይልቅ ለክራር ቅርብ የሆኑበት ምክንያት አለ። የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ይመለከታል።

ጆሮዎ አስቀድሞ ተምሯል

የሙዚቃ መሣሪያ ለመማር ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ጆሮ ሲሆን ሁለተኛው እጅ ነው። ልጅ ሲማር ሁለቱንም ከባዶ ይጀምራል። አንዲት የአርባ አምስት ዓመት እናት ግን የመንገዱን ግማሽ ሳታውቀው ሄዳዋለች።

ለዚህ የወሎ ደጋ ጥሩ ምስክር ነው። በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረናና በሳይንት፣ በመቅደላና በተንታ ያደገች ሴት ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና እሹሩሩ ሰምታለች። ሠርግ ቤት ስታጨበጭብ፣ ልቅሶ ቤት ሙሾ ስትቀበል አድጋለች። ጎረቤቷ ሙስሊም ከሆነ በመውሊድ ሰሞን መንዙማው እስከ ሌሊት ሲዘልቅ ተኝታ አዳምጣለች። እሷ ራሷ ሙስሊም ከሆነች ደግሞ አብራ ተቀብላለች። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ሰው «ይህ አምባሰል ነው፣ ያ ባቲ ነው» ብሎ አላስተማራትም። ነገር ግን ዘፋኙ ከቅኝቱ ሲወጣ ፊቷ ወዲያው ይኮሳተራል። ይህ የጆሮ ትምህርት ነው።

እንደሚታወቀው ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶቻችን አራት ናቸው። እነሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ከአራቱም የሁለቱ ስም የወሎ ቦታዎች ስም ነው። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ተራራማ አገር ሲሆን፣ ባቲ ደግሞ ከደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት። አንዱን ቅኝት ከሌላው የሚለየው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ማሪቱ ለገሰን ያዳመጠ ሰው የአምባሰልን ነገር በብዙ ቃል እንዲያስረዱት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቀደም ባለው ጊዜ ሴቶቻችን በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ሲፈጩ ያንጎራጉሩ ነበር። ባል የበደላትም፣ ልጅ የሞተባትም፣ አገሯ የናፈቃትም ሆዷ ውስጥ ያለውን የምታወጣው በዚያች ሰዓት ነበር። ወፍጮ ቤት መጣና ያንን ጀርባ የሚቆርጥ ድካም ወሰደላቸው። እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ የድንጋይ ወፍጮ ይመለስ የሚል ማንም የለም። ይሁን እንጂ እንጉርጉሮው ማረፊያ አጣ። ዛሬ ያንን ዜማ በጆሯቸው ይዘው የቀሩት እነዚያ ልጅ ሳሉ ከወፍጮው አጠገብ ይቀመጡ የነበሩት ናቸው። እነሱም ዛሬ እናቶችና አያቶች ሆነዋል። እነሱ «አርጅቻለሁ» ብለው ከተዉት ከእነሱ በኋላ የሚያውቀው አይኖርም።

ስድስት ክር፣ አምስት ጣት

«ጆሮዬስ እሺ፣ ጣቴ ግን ደርቋል» ይሉ ይሆናል። እስቲ እጅዎን እንመልከተው። ይህ እጅ ምስር ከጠጠር የሚለቅም፣ የእንጀራ ሊጥ ምጣድ ላይ እኩል የሚያዞር እጅ ነው። ጥጥ ፈትለው የሚያውቁ ከሆነማ ክር ሲከርና ሲላላ ጣትዎ ዓይንዎ ሳያይ ይለያል። ክራር መቃኘትም ክሩን ማክረርና ማላላት ነው።

የክራር አሠራር ብዙ አያስፈራም። ከታች በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ቋሚ እንጨቶች፣ ከላይ አግድም ቀንበር አለው። ክሮቹ ከታች ተነሥተው በብርኩማ ላይ አልፈው ቀንበሩ ላይ ይታሰራሉ። ድሮ ክሩ ከጅማት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን ናይለን ወይም የብረት ሽቦ ይበዛል። ብዙውን ጊዜ ክሮቹ ስድስት ናቸው። አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ በወፍራሙ ወይም በቀጭኑ ይደግመዋል።

አመታቱ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ሲገርፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነካ አድርገው ዝም ያሰኟቸዋል፤ የተለቀቀው ክር ብቻ ይጮሃል። በሁለተኛው ደግሞ ጣቶቹ የሚፈለገውን ክር አንድ በአንድ ይነጥቃሉ። በየትኛውም ቢሆን እያንዳንዱ ጣት የራሱ ቦታ ስላለው ከቦታ ቦታ መዝለል የለም። የወረቀት ኖታ ማንበብም ግዴታ አይደለም፤ ሲማሩ የኖሩት በጆሮ ነው። ስለዚህ መነጽር የጀመሩ እናቶች ዓይናቸው ደከመ ብለው አይስጉ።

ለንጽጽር ያህል የባሕር ማዶውን እንጥቀስ። ፔዳል ስቲል ጊታር የሚባል መሣሪያ አለ። ሥሩ ከሃዋይ ደሴቶች ሲሆን በአሜሪካ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የታወቀ ነው። በኋላም አፍሪካ ገብቶ የናይጄሪያው ኪንግ ሰኒ አዴ በሙዚቃው ውስጥ ተጠቅሞበታል። ተጫዋቹ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋውን መሣሪያ ፊት ለፊት አድርጎ ይቀመጣል። ብዙውን ጊዜ አሥር ክሮች አሉት። ግራ እጅ ክሮቹ ላይ የብረት ዘንግ ያንሸራትታል፤ ቀኝ እጅ ይነጥቃል፤ እግር መርገጫ ይረግጣል፤ ጉልበት ደግሞ በግራና በቀኝ ያሉ ዘንጎችን ይገፋል። ድምፁ እንደ መሰንቆ እየተሳበ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የአካል ክፍል አንድ ላይ ማዘዝ የሚጠይቀውን መሣሪያ በጎልማሳነት ዕድሜ የሚጀምሩት ጥቂት አይደሉም። እንግዲያው ሁለት እጅ ብቻ የሚጠይቀውን ክራራችንን ምን ያስፈራናል?

አሥር ዓመት ከፒያኖ ርቀው

ከአምባ መቅደላ ብዙም ሳይርቅ፣ በመስቀል ቅርጽ አምባነቷ የምትታወቀው ግሸን ማርያም ትገኛለች። በዚህች አምባ ላይ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አሥር ዓመት ያህል በምንኩስና በባዶ እግራቸው ኖረዋል። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱ ሲሆን፣ በስድስት ዓመታቸው ስዊስ አገር ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረዋል። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። ከነፃነት በኋላም ትምህርታቸውን በካይሮ ቀጥለው ነበር። ወጣት ሳሉ ሁሉን ትተው ግሸን ወጡ።

ከአምባው ወርደው ወደ ፒያኖው ሲመለሱ የወጣትነቱ ዘመን አልፎ ነበር። የራሳቸውን ድርሰቶች በጀርመን አገር ያስቀረጹት አርባ ዓመት አካባቢ ሳሉ ነው። ገቢውንም ለችግረኛ ልጆች መርጃ አዋሉት። ሥራዎቻቸው በዓለም ዙሪያ በሰፊው መሰማት የጀመሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አልበም ከታተመ በኋላ ሲሆን ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሁለት ነበር። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። እማሆይ መሣሪያውን በልጅነት ያወቁ ናቸውና ከዛሬ ጀማሪ ጋር አንድ አይደሉም። ሆኖም አንድ ነገር ያስተምሩናል። ይኸውም የሕይወት ግዴታ ሙዚቃን አሥር ዓመት ቢያቋርጠውም እንደማይገድለው ነው። ልጅ ስታሳድግ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ራሷን የረሳች እናት ይህን ልታስበው ይገባል።

«ሴት ትዝፈን፣ ወንድ ይምታ»

እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችንን ከክራር ያራቀን ዕድሜ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። በአዝማሪዎች ዘንድ ሴቷ ስትዘፍን መሰንቆውን የሚመታው በአብዛኛው ወንዱ ነው። ክራር ደግሞ የጠጅ ቤት ዕቃ ተብሎ ስሙ ጠፍቷል። «በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን» እየተባለም ኖሯል። በዚህ ምክንያት ክራር የያዘች ሴት «ምነው እቴ፣ አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ትባላለች።

ይህን ስድብ ቀድመው የተሸከሙልን ሴቶች አሉ። ሜሪ አርምዴ በክራሯ ስሟን ያስጠራች ናት። በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች ወርቁም በቴአትር መድረክና በክራር አብራ የታወቀች ነበረች። በገናንም ቢሆን እቴጌ ጣይቱ ይደረድሩ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ዛሬ በገና የሚማሩ ሴቶች በየከተማው እየበዙ ነው። እንጨቱና ቆዳው ኃጢአትም ጽድቅም አያውቁም፤ የሚጫወቱበት ዜማና የሚጫወቱበት ቦታ ነው የሚለያያቸው። እናት ቤቷ ተቀምጣ በክራር እሹሩሩ ብትል የሚያፍር ቤተሰብ ሊኖር አይገባም።

ሩብ ሰዓቷ ከየት ትምጣ?

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ የሦስት ልጆች እናት አለች እንበል። ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች፤ ቁርስ አቅርባ፣ ልጆች ሸኝታ ሥራ ትገባለች። ማታ እራት፣ ዕቃ ማጠብ፣ የልጆች የቤት ሥራ ይጠብቃታል። ለዚህች እናት «በቀን አንድ ሰዓት ተለማመጂ» ማለት ቀልድ ነው።

ደግነቱ አንድ ሰዓት አያስፈልግም። የአዋቂ ሰው አእምሮ መማሩን አያቆምም፤ ረጋ ይላል እንጂ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ መለማመድ ይሻላል። የተማሩት ነገር በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር እየጸና ይሄዳልና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ይሠራል።

አሥራ አምስቷ ደቂቃ ግን ከሰማይ አትወርድም። ከቤተሰቡ መምጣት አለባት። ባል የእራት ዕቃውን ቢያነሣ፣ ትልቁ ልጅ ሲኒውን ቢያጥብ ትገኛለች። ውለታ ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ እናትም የዚያ ቤት ሰው ናትና የድርሻዋ ነው። ልጆችም ከዚህ ይጠቀማሉ። እናታቸው ስትሳሳት፣ እንደገና ስትሞክር፣ በሳምንቱ ሲሳካላት ያዩ ልጆች ሒሳብ ሲከብዳቸው ቶሎ ተስፋ አይቆርጡም።

ለጀማሪ የሚሆን ምክር

አንደኛ፣ ሲገዙ ለጌጥ የተሠራውን ከሚመታው ይለዩ። ቆዳው የተወጠረ፣ እንጨቱ ያልተሰነጠቀ፣ ተቃኝቶ ሲቀመጥ ወዲያው የማይላላ ይሁን። ከተቻለ ክራር የሚያውቅ ሰው ይዘው ይሂዱ።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቅኝት ይጀምሩ። ጆሮዎ የለመደውን ይምረጡና እስኪደላደሉበት ወደ ሌላው አይሂዱ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መቃኘትንና ጣትን ከክር ማላመድን ብቻ ይሥሩ።

ሦስተኛ፣ መምህር ይፈልጉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከሚያስተምራቸው መሣሪያዎች አንዱ ክራር ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉት ደግሞ በየወረዳው ያለው የባህል ጽሕፈት ቤት፣ የኪነት ቡድን አባል የነበሩ ሰዎችና የሙዚቃ መምህራን ሊጠቁሙ ይችላሉ። ከጎረቤት ሁለት ሦስት ሆኖ አንድ መምህር መያዝ ወጪውን ይቀንሳል።

አራተኛ፣ የጣት ጫፍ በመጀመሪያ ሰሞን ቢያምም ቆዳው እየለመደ ይሄዳል። መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ቁርጥማት ግን ሌላ ነውና ያርፉ፤ ካልተወዎት ሐኪም ያማክሩ።

አምስተኛ፣ ክራሩን ከጭስና ከእርጥበት ያርቁ። በክረምት የደጋው ጉም ቆዳውን ስለሚያላላው ድምፁ ቢወርድ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብለው አይደንግጡ። ደረቅ ቦታ አቆይተው እንደገና ይቃኙት።

በመጨረሻም የእናትዎን እንጉርጉሮ ያስታውሱ። ቃሉ ቢጠፋዎት ዜማው አይጠፋም። መጀመሪያ በድምፅዎ ብቻ ያንጎራጉሩትና በእጅ ስልክዎ ይቅዱት። ከዚያ በኋላ ከስድስቱ ክሮች ላይ አንድ በአንድ ይፈልጉት። የመጀመሪያው ድምፅ ሲገኝ ሁለተኛውን ጆሮዎ ራሱ ይመራዎታል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለ ክራር ብዙ ነው። የእርስዎ ለመምታት የሚሆን ከሆነ ነገ ማታ ያውርዱት፤ አቧራውን ይጥረጉና ሩብ ሰዓት ይቀመጡ።