በቲቮሊ የዋለ የውሎ አበል

ለሥልጠና ወይም ለስብሰባ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሻንጣ ይዞ ይሄዳል። በአንደኛው ልብሱ አለ፤ በሁለተኛው በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና አንድ ፌስታል ሽሮ ይገኛሉ። ይህን የሚያደርገው የፈረንጅ ምግብ አይስማማኝም ብሎ ብቻ አይደለም። ለምግብ የተሰጠውን የውሎ አበል ሳይነካ ይዞ ለመመለስ ቆርጦ ስለ ተነሣ ነው። አበሉ ገና ከእጁ ሳይገባ በልቡ ተደልድሎ ያለቀ ገንዘብ ነው፤ ይህ ለእናት ጫማ፣ ይህ ለእኅት የትምህርት ክፍያ፣ ይህ ለቤት ኪራይ እየተባለ። እንዲህ ያለውን ቁጠባ ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ በዚህ ገንዘብ የቆመ ቤት ስንት ነው! ነገር ግን ከቁጠባው ጋር ተያይዞ የመጣ አንድ አመል አለ። እርሱም ሦስት ሳምንት በሰው አገር ከርሞ፣ ከሆቴሉ ክፍልና ከሥልጠናው አዳራሽ በስተቀር ምንም ሳያዩ መመለስ፣ ተመልሶም ስለ ከተማይቱ ሲጠየቁ «ንጹሕ ናት» ብሎ ዝም ማለት ነው።

እኛም በኮፐንሐገን ልክ እንደዚሁ ሆነን ነበር። አራት ነበርን፤ አንድ የውኃ መሐንዲስ፣ አንድ ሒሳብ ሹም፣ አንዲት አዋላጅ ነርስና እኔ። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዘመን ወጥተን በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ከተበተንን በኋላ ስለ ሥራ አመራር የሚሰጥ አጭር ሥልጠና አገናኘን። ወሩ የእኛ ሐምሌ፣ የእነርሱ ዋና በጋ ነው። ፀሐይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አትጠልቅም። ይህን ሁሉ ብርሃን ከሁለት ሳምንት በላይ ከመስኮት በስተጀርባ ተቀምጠን፣ ሽሮ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ እያፈላን አሳለፍነው። (ሽሮ በማንቆርቆሪያ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቀኝ አንባቢ ቢኖር፣ አይሠራም ብዬ እመልስለታለሁ።)

በመጨረሻው ሳምንት አንድ ሰኞ ዕረፍት ተሰጠን። የጥንት ግሪኮችንና የሮማውያንን ሐውልቶች ለማየት ተስማማን፤ ሐውልት ማየት ዕውቀት ነውና ማንንም አያሳፍርም፤ በሪፖርትም ላይ ቢጻፍ ያምራል። በዚያ አገር ግን ሰኞ የብዙ ሙዚየሞች የዕረፍት ቀን ነው። ከተዘጋው በር ፊት ቆመን ወደ ሆቴላችን እንመለስ ወይስ በእግራችን እንዙር እያልን ስንመካከር፣ ከመንገዱ ማዶ ከዛፎቹ በላይ የብዙ ሰዎች ጩኸት ተሰማ። ሁላችንም ደነገጥን። አዋላጇ ጥቂት አዳመጠችና «ይህ የጤና ጩኸት ነው» አለች። ቀና ብለን ብናይ በረጅም ምሰሶ ዙሪያ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ወንበሮች ሰዎችን ተሸክመው በአየር ላይ ይዞራሉ። ምሰሶው 80 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን በ2006 ዓ.ም. የተተከለ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥፍራው ቲቮሊ የሚባለው የጨዋታ መናፈሻ ነበር።

በበሩ ላይ ክርክር ተነሣ። ሒሳብ ሹሙ ዋጋውን አንብቦ ወደ ብር ከመለሰው በኋላ ፊቱ ተለወጠ። «መግቢያው ብቻ የአንድ ቀን እራት ነው፤ ከገባን በኋላ ደግሞ ለየመጫወቻው ለብቻ ይከፈላል። ደግሞስ እኛ ሕፃናት ነን?» አለ። ንፉግ ሰው አይደለም። ታናሽ ወንድሙ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነውና ላፕቶፕ ይዤልህ እመጣለሁ ብሎታል፤ አባታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን የሚያስተዳድረው እርሱ ነው። መሐንዲሱ ወደ ሁለቱም ወገን የሚያዘነብል ነገር ተናገረ። እኔ ዝም አልሁ። አዋላጇ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን ቆሜ ሳነጋ ማንም ሕፃን ነሽ አላለኝም፤ ዛሬ ልሁን!» ብላ ለራሷ ትኬት ቆርጣ ገባች። ሴት ልጅን በባዕድ ከተማ ብቻዋን መተው ነውር ነው ተባባልንና ተከተልናት። እውነቱን ለመናገር፣ ከአራታችን ጠባቂ የማያስፈልጋት እርሷ ብቻ ነበረች።

ቲቮሊ የተከፈተው ኦገስት 15 ቀን 1843 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ ጆርጅ ካርስተንሰን ይባላል፤ አባቱ በአልጀርስ የዴንማርክ ቆንስል ስለ ነበሩ የተወለደው በዚያው በ1812 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ኮፐንሐገን በምሽግ የታጠረች ከተማ ነበረች። መናፈሻው የተሠራው ከምዕራባዊው በር ውጭ ባለው የምሽግ መሬት ላይ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ዳክዬዎች የሚዋኙበት ኩሬ የጥንቱ የምሽግ ቦይ ቁራጭ ነው። ሥፍራው 8 ሄክታር ያህል ብቻ ይሆናል። ከከተማይቱ ዋና የባቡር ጣቢያ መንገድ እንደ ተሻገሩ ይገኛልና ሠራተኛ ከሥራው ሲወጣ በእግሩ ይገባበታል። ደራሲው ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን በተከፈተበት በዚያው ዓመት ጎብኝቶታል፤ ስለ ቻይናው ንጉሠ ነገሥትና ስለ ወፊቱ የሚናገረውን ተረቱን መጻፍ የጀመረው እዚያ በዋለበት ቀን መሆኑን በማስታወሻው አስፍሯል። ዋልት ዲዝኒም በ1951 ዓ.ም. መጥቶ አይቶታል። በካሊፎርኒያ የራሱን መናፈሻ የከፈተው ከአራት ዓመት በኋላ በ1955 ዓ.ም. ነው።

ካርስተንሰን የሥራውን ፈቃድ ከንጉሥ ክርስቲያን 8ኛ ባገኘ ጊዜ፣ ሕዝብ ሲጫወት ስለ ፖለቲካ አያስብም ብሎ አስረድቷቸው ነበር ይባላል። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለስበታለሁ፤ ያን ዕለት በእራት ላይ ብዙ አከራክሮናልና።

መጀመሪያ የወጣንበት የዳገትና የቁልቁለቱ ባቡር ነበር። ይህ ባቡር በ1914 ዓ.ም. ተሠርቶ እስከ ዛሬ የሚሠራ፣ መዋቅሩም የእንጨት ነው። የሚያልፈው ሰው ሠራሽ ተራራ ውስጥ ነው። መሐንዲሱ ተራችንን እስክናገኝ ድረስ ትምህርት ሰጠን፦ ባቡሩ የራሱ ሞተር የለውም፤ ሽቅብ ተጎትቶ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚሄደው በከፍታው ባገኘው ኃይል ብቻ ነው፤ ሰበቃና ነፋስ ከዚያ ኃይል ስለሚበሉበት ከመጀመሪያው ዳገት የሚበልጥ ዳገት ከቶ ሊወጣ አይችልም። ይህን ሁሉ ካስረዳን በኋላ ግን ወደ ባቡሩ ሲመለከት ቃሉ ተቋረጠ። በአሁኑ ዘመን ባቡሮቹን የሚገታቸው በሐዲዱ ላይ የተተከለ መሣሪያ ሲሆን፣ በዚህኛው ላይ ፍሬን የሚይዝ ሰው ከተሳፋሪዎቹ ጋር አብሮ ተቀምጦ ይጓዛል። «ፍሬኑ በሰው እጅ ነው!» አለ መሐንዲሱ፤ ድንጋጤም አድናቆትም ነበረበት። ወጣቱ ፍሬን ያዥ እያፏጨ ወጣ፤ እያፏጨ ወረደ። መሐንዲሱ ከወረደ በኋላ ሁለት ጊዜ ደግሞ ተሳፈረ፤ በሁለተኛው ጊዜ ከፍሬን ያዡ አጠገብ ያለውን ቦታ ለመያዝ ተራውን ለሌላ ሰው ለቋል።

እኔም ጮኽሁ። መጮኼን የምጽፈው ጉዳዩ ስለሚያስደስተኝ ነው። በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን አጣምሮ መናገርን የለመደ ሰው በሙሉ ጉሮሮው ቢጮኽ፣ ዙሪያውን ቢመለከትም የሚታዘበው አለቃ ባይኖር፣ ምን ያህል እንደሚቀለው የሞከረ ያውቀዋል። ትልቅ ሰው መጫወቱ በእኛም አገር እንግዳ ነገር አልነበረም። በገና ጨዋታ ጊዜ ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢነካው ጌታ አይቆጣም። ቆጡን አውርደን፣ ክራቫት አስረን፣ ከቢሮ ስንገባ ግን ገናውን ለሕፃናት ተውንላቸው መሰለኝ።

ሒሳብ ሹሙ ከመግቢያው በቀር ሌላ አልከፍልም ብሎ በኩሬው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀረ። በተመለስን ጊዜ ነጭ ጠጉር ካላቸው አንዲት ባልቴት ጋር ሲጨዋወት አገኘነው። ባልቴቷ ሹራብ ይሠራሉ። የዓመት ትኬት እንዳላቸው፣ በበጋ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡ፣ አንድም ቀን በመጫወቻዎቹ ላይ እንደማይወጡ ነግረውታል። «ታዲያ ለምን ይከፍላሉ?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ለመቀመጥ» አሉት። ጓደኛችን ይህን መልስ እንደ ሒሳብ ሰው መረመረው። የዓመቱን ትኬት ለቀኑ ቢያካፍለው ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና በታች ሆነ። ከዚያ የራሱን ሲያሰላ፣ እስከ ማታ ካልቆየ ኪሳራ እንደሆነ ተረዳ። በቀላል መዝናናት የማይሆንለት ሰው እንዲህ በስሌት ተዝናና! እንዲያውም ከዚያ በኋላ «እንሂድ» ያልነው እኛ ነበርን፤ «ገና ነው» የሚለው እርሱ ሆነ።

ወደ ማታ የድምፅ አልባ ትርኢት ወደሚታይበት ቲያትር ሄድን። ይህ ቲያትር በ1874 ዓ.ም. በቻይና ቤት አምሳያ የተሠራ ነው። ተመልካቹ በሜዳው ላይ ቆሞ ያያል፤ ከመግቢያው ሌላም አይከፈልበትም። መጋረጃው ጭራውን የዘረጋ ጣዎስ ነው፤ ትርኢቱ ሲጀመር በመጋረጃው ጀርባ ያሉ ሰዎች በእጃቸው ሲስቡት ጣዎሱ ጭራውን አጥፎ ወደ ታች ይጠልቃል። ተዋንያኑ ቃል አይናገሩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰው ቋንቋ ስንደናቆር ለከረምን ለእኛ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነበር፤ ነጭ ልብስ የለበሰው ቂል ሲታለል ከዴንማርኮቹ እኩል ሳቅን፤ ማንም ቀድሞን የሳቀ የለም። ሒሳብ ሹሙ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከአራት ዓመት በፊት በመኝታ ክፍላችን ከሳቀው ሳቅ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ከዚያ አምፖሎቹ በየዛፉ ሲበሩ በሣር ላይ ተቀምጠን ከሆቴል ያመጣነውን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ስለ ካርስተንሰን አነጋገር ተከራከርን። ሒሳብ ሹሙ፣ እንግዲያው ይህ ቦታ ሕዝብን ማስተኛ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ወጣት አእምሮውን በእንዲህ ያለ ነገር ካደነዘዘ አገሩን መቼ ያስብላታል? አለ። ከባድ ጥያቄ ነው። በከተሞቻችን የመናፈሻና የመጫወቻ ቦታ በሚሠራ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሣል፤ የሚያነሡትም ሰዎች ሞኞች አይደሉም። አዋላጇ ግን አልተቀበለችውም። «ያልተኛ ሰው አያስብም። የደከመች አዋላጅ የምትሠራውን ስሕተት ላሳይህ?» አለችው።

ከተመለስሁ በኋላ የቦታውን ታሪክ ሳነብ ክርክሩን የሚመለከት ሁለት ነገር አገኘሁ። ቲቮሊ ሲከፈት ዴንማርክ በፍጹማዊ የንጉሥ አገዛዝ ሥር ነበረች። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1849 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወጣ። በመናፈሻው ሲጫወት የከረመው ሕዝብ፣ ካርስተንሰን እንደ ተናገረው ፖለቲካውን አልረሳም ማለት ነው።

ሁለተኛው የሆነው በጦርነቱ ዘመን ነው። ጀርመን ዴንማርክን ከኤፕሪል 9 ቀን 1940 ዓ.ም. ጀምራ ይዛ ነበር። በ1944 ዓ.ም. በጁን ወር የአገሩ አርበኞች አንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አፈረሱ። ለዚህ ብቀላ ከጀርመኖች ጎን የተሰለፉ ዴንማርካውያን በሌሊት ቲቮሊ ገብተው ፈንጂ አፈነዱ፤ የሙዚቃው አዳራሽና ሌሎችም ቤቶች ተቃጠሉ። ወዲያው ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ማንም ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ታወጀ። ሰኞ ጁን 26 ቀን የአንድ ታላቅ የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራቸውን ቀትር ላይ ጥለው ወጡ። አድማ አይደለም አሉ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መውጣት ከተከለከልን የጓሮ አትክልታችንን የምንኮተኩትበት ጊዜ የለንምና አሁን ሄደን እንኮትኩት ነው አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። የሰዓት እላፊው ወደ ምሽቱ 5 ሰዓት ተገፋ፤ ነገር ግን አድማው ከተማውን በሙሉ አዳረሰ። ጀርመኖች ውኃውን፣ ጋዙንና መብራቱን ቆረጡ፤ በየመንገዱ ብዙ ሰዎች ተገደሉ። አድማው የቆመው በጁላይ መጀመሪያ ነው። ቲቮሊም ከጥቂት ሳምንት በኋላ በጊዜያዊ ቤቶች ተከፈተ።

ይህን ጽፌ ለሒሳብ ሹሙ ላክሁለት። በመሥሪያ ቤቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ መቆየት እንደ ትጋት ይቆጠራል፤ ሥራ ኖረም አልኖረም አለቃው ሳይወጡ የሚወጣ የለም። መልሱ አጭር ነበር። «የጓሮ አትክልት የለኝም» ይላል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ስልክ ደወለና በስድስት ኪሎ ቡና እየጠጣ እንደሆነ ነገረኝ፤ ለምን እንደ ወጣ አለቃው ጠይቀውት እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም።

ላፕቶፑን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አብረን ገዛነው። አዲሱን ለመግዛት የሰኞው ወጪ ስላጎደለበት ያገለገለ መረጠ፤ ባለሱቁ ባትሪውን በነጻ ለወጠለት። ወንድሙ አሁን ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከፊደል መምቻዎቹ አንዱ አልፎ አልፎ እንቢ ይላል፤ ከዚያ በቀር ደኅና ይሠራል።